ከባሕሩ ሥዕል የተቆረጠው ሰው

ጳጉሜን ሦስት ቀን 1974 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ፣ የሩፋኤል ዝናብ በረከት ነው ብሎ የንፋስ መውጫ ሕዝብ፣ ትንሽ ትልቁ፣ ሜዳ ወጥቶ ሲታጠብ፣ የቀበሌው አዳራሽ ዘበኛ አያ ታፈረ ከመድረኩ ሥር በደረታቸው ተደፍተው ተገኙ።

የአውራጃው ፖሊስ መርማሪ መቶ አለቃ ጥላዬ ሲደርስ ሬሳው ገና አልቀዘቀዘም። ተንበርክኮ መጀመሪያ የሽማግሌውን ጋቢ ነካ። ውኃ ያዘለ ነው። ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ፤ ቆርቆሮው አያፈስም። አያ ታፈረ እንደ ሰው ሁሉ ዝናብ ወጥተው፣ ሰው ሳይጠብቃቸው ተመልሰዋል ማለት ነው። ከዚያ ማጅራታቸውን አየ። ሁለት ቦታ ተፈንክተዋል። ቁስሎቹ ክብና ትናንሽ ናቸው።

«መዶሻ» አለ ለራሱ። መዶሻ ግን በአዳራሹ ውስጥ የለም።

ከመድረኩ በስተጀርባ ያለው ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር በሸራ ሥዕል ተሸፍኗል። ጥላዬ ስለ ሥዕሉ ሰምቷል እንጂ አላየውም፤ ለመስከረም ሁለት የአብዮት በዓል እስኪገለጥ በአቡጀዲ ተጋርዶ ነበር። አሁን አቡጀዲው ወለሉ ላይ ወድቋል። ቀረብ ብሎ ሲያየው ምንም አልተጨበጠለትም። ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ብርቱካንማ ጠብታ፣ ሰው ጣቱን እየነከረ የመረገው ይመስላል። ወደ በሩ አፈገፈገ። ያኔ ባሕሩ መጣ። ፀሐይ የሚያብረቀርቅበት ውኃ፣ የተዘረጉ ጃንጥላዎች፣ ማዕበል እግራቸውን የሚልሳቸው ሴቶች፣ ኳስ የሚራገጡ ወታደሮች። ጫጫታቸው የሚሰማ መሰለው።

ከመካከሉ ትንሽ ወደ ቀኝ ግን አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለ፤ ክንድ በክንድ የሚሆን። በቀዳዳው የጭቃው ግድግዳ ይታያል።

«ያገኘኋቸው እኔ ነኝ» አለ ከኋላው አንድ ድምፅ።

ሠዓሊው አዱኛ ነው። ምፅዋ ባሕር ኃይል ስድስት ዓመት አገልግሎ፣ ሳንባው ታሞ ወደ ትውልድ አገሩ የተመለሰ ከሲታ ሰው።

«ምን ልትሠራ መጣህ?»

«የቀረ ቦታ ላሟላ። በሩ ክፍት ነበር።»

«እስካሁን የት ነበርክ?»

«ቤቴ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

«እዚህ ቀዳዳው ላይ ምን ነበር?»

«አንድ ሰው።»

«ማን?»

«አላውቀውም።»

ጥላዬ አተኩሮ አየው። «የሣልከውን ሰው አታውቀውም?»

አዱኛ መልስ ሳይሰጥ የአውራጃው ካድሬ ጓድ ጥጋቡ ሁለት የታጠቁ አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ ገባ። ሬሳውን ገልመጥ አድርጎ ጣቱን ወደ ሠዓሊው ቀሰረ።

«ያዙት!» አለ። «ጓድ መቶ አለቃ፣ ነገሩ ግልጽ ነው። የንድፍ ደብተሩን ባለፈው ሳምንት ወስጄበታለሁ። ወደቡን፣ የጦር መርከቡን፣ ሁሉንም ሥሏል። ሰላይ ነው። ሽማግሌው ስለደረሱበት ገደላቸው።»

«ሥዕሉን ማን ቆረጠው ታዲያ?»

«ራሱ። ለማደናገር።»

አዱኛን ይዘውት ሲወጡ ካድሬው ወደ ጥላዬ ጠጋ አለ። «በዓሉ እስኪያልፍ እናንተ ጋ ይቆይ። መስከረም ሦስት ወደ ጎንደር እልከዋለሁ።»

በዚያ ዘመን በእንዲህ ያለ ክስ ወደ ጎንደር የተላከ ሰው ይመለሳል ብሎ ስንቅ የሚቋጥር ቤተሰብ አልነበረም።

በማግስቱ ማለዳ ጥላዬ እስር ቤቱ ውስጥ ከአዱኛ ጋር በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ሌሊቱን ሲያስበው ያደረ አንድ ነገር ነበር።

«የተናደደ ሰው ሸራ ይቦጫጭቃል» አለ። «ይኼ ግን በአራት ማዕዘን ቆርጦ የሚፈልገውን ብቻ ነው የወሰደው። ስለዚያ ሰውዬ ንገረኝ።»

«ከሦስት ዓመት በፊት ነው» አለ አዱኛ። «እሑድ እሑድ ጉርጉሱም ወርጄ የባሕሩን ዳር እነድፍ ነበር። አንድ ቀን ወታደሮች በካሚዮን መጡ። ሌላው ውኃ ሲገባ አንዱ የመርከብ ገመድ አንሥቶ ገምዶ ጅራፍ ሠራ። አሸዋው ላይ ቆሞ ያጮኸው ጀመር! በቡሄ እንደምናጮኸው። ባሕር ዳር ጅራፍ የሚያጮህ ሰው አይቼ አላውቅም። ያገሬ ሰው ነው አልኩ። ንድፉን ጨርሼ ላናግረው ስነሣ ካሚዮኑ ጭኗቸው ሄደ።»

«ከመጋረጃው ጀርባ ያለውን ያየው ማነው?»

አዱኛ አሰበ። «አያ ታፈረ። ጓድ ጥጋቡ። እሳቸው የጦር መርከብ ሣል ብለውኝ ነበር፤ የሚዋኝ ሰው ሲያዩ ጮኹብኝ። አንድ መሪጌታም ከድጓው ደብር ከቤተ ልሔም መጥተው ነበር፤ ራቁት ሴት ሥሏል የሚል ወሬ ሰምተው። ሌላ ሰው ያየ አይመስለኝም። ስሠራ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ነው።»

ጥላዬ መጀመሪያ የካድሬውን ቀን አጣራ። ጓድ ጥጋቡ ጳጉሜን ሦስት ከረፋዱ አምስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት የበዓል ኮሚቴውን ሲሰበስብ ውሏል፤ ለሽንት እንኳ አልወጣም ብለው የመሰከሩት ተሰብሳቢዎቹ ሁሉም ተማረውበት ነበር። ጥላዬ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቅር አለው። በቅሎ አስጭኖ ወደ ቤተ ልሔም ሄደ።

መሪጌታ ዓባይ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ደቀ መዛሙርታቸውን ድጓ ሲያስቀጽሉ አገኛቸው። ተሳልሞ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«ስለ ሥዕሉ ነው የመጣኸው፣ ልጄ» አሉ ሳይጠየቁ። «የሽማግሌውን ሞት ሰምተናል። ነፍስ ይማር።»

«እርስዎ ሥዕሉ ይቃጠል ብለዋል ይባላል።»

«ይሸፈን ነው ያልኩት። ደግሞ የሩፋኤል ዕለት ቀድሼ፣ ጠበል ስረጭ ነው የዋልኩት። ሺህ ሰው ጠይቅ።» ጭራቸውን ወዘወዙ። «ምን ተቆረጠ?»

«አንድ ወንድ። ጅራፍ የያዘ።»

መሪጌታው ሳቅ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ብሆን የምቆርጠው ሴቶቹን ነበር። ከዚያ ሁሉ ራቁት መካከል እኮ ያገራችንን ነገር የያዘ እሱ ብቻ ነው። እኔም እንኳ ቆሜ አየሁት። እኔ ብቻም አይደለሁ፣ ያም ሰውዬ ደርቆ ቀርቶ ነበር።»

«የቱ ሰውዬ?»

«የሱቅ ሰው ነው መሰለኝ። ሚስማር በካርቶን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ሥዕሉን ሲያይ ካርቶኑ ከእጁ አምልጦ ሚስማሩ ተበተነ። እኔና ታፈረ ነን የለቀምንለት። ሠዓሊው ከመሰላሉ ላይ ሆኖ ዞሮም አላየን።»

ጥላዬ ማስታወሻውን አወጣ። «መልኩ?»

«ጢሙን የተላጨ፣ ቀኝ እግሩን ሸብረክ የሚያደርግ።»

በንፋስ መውጫ ቀኝ እግሩን ሸብረክ የሚያደርግ የሱቅ ሰው አንድ ነው። የኅብረት ሱቁ ኃላፊ ካሴ። ለእናት አገር ጥሪ በሚሊሺያነት ዘምቶ፣ ሰሜን ግንባር ቆስሎ የተመለሰ፣ በስብሰባ ሁሉ ፊት የሚቀመጥ ሰው።

ጳጉሜን አምስት ቀን ጥላዬ ሱቁ ገባ። ካሴ የዕቃ መዝገብ ይጽፋል።

«ሚስማሩን የወሰድከው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ ጓድ መቶ አለቃ። ሚስማርና መዶሻ። በሩ ላይ ለአያ ታፈረ ሰጥቼ ተመለስኩ። መዶሻውንም ያ ሠዓሊ አልመለሰልንም፤ የሱቁ ንብረት ነው።»

«ሥዕሉን አላየኸውም?»

«የት አይቼ! ተጋርዷል ሲሉ ነው የምሰማ።»

«ጳጉሜን ሦስት?»

«ዝናቡ ሲመጣ በሩን ዘግቼ ዕቃ ስቆጥር ዋልኩ። ብቻዬን ነኝ እንግዲህ፤ ሰው ሁሉ ሜዳ ነበር።» ብዕሩን አስቀምጦ በሐዘን አንገቱን ደፋ። «ምን ዓይነት አረመኔ ነው ግን? ገመድ ለያዘ ለአንድ ወታደር ምስል ብሎ ሽማግሌ ይገደላል?»

ጥላዬ ሲጋራ ለኩሶ ስለ በዓሉ ስኳር ሁለት ሦስት ነገር ጠየቀና ወጣ። እጁ ላይ ያለው ብዙ ነው፣ ግን አይበቃም። ሰውዬው ሥዕሉን ማየቱን የሚያውቁት መሪጌታው ብቻ ናቸው፤ የካህን ቃል ደግሞ በዚያ ወቅት በካድሬ ፊት አይቆምም። መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ፣ የተቆረጠው ሰው ራሱ ካሴ ነው የሚል ነበር። ቆሰልኩ ብሎ የከዳ ወታደር ይሆን? ይህን የሚፈታው ንድፉ ነው።

ጓድ ጥጋቡ ደብተሩን አልሰጥም አለ።

«የስለላ ማስረጃ ነው፤ ከእጄ አይወጣም።»

«ደግ» አለ ጥላዬ። «ጎንደር ሲደርስ ግን ሰላዩን ቀጥሮ፣ ሸራ ገዝቶ፣ በቀበሌ አዳራሽ ያሣለው ማነው ይሉኛል። የትእዛዙ ደብዳቤ ላይ ያለው ፊርማ የርስዎ ነው። ምን ልበል?»

ካድሬው ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ጣለ።

ጥላዬ በመስኮቱ ብርሃን ገለጠው። መርከቦች፣ ጀልባዎች፣ ጃንጥላ የያዙ ሴቶች። ከዚያ ሰውዬው። በእርሳስ የተነደፈ፣ ፊቱ እንደ ሥዕሉ የተድበሰበሰ አይደለም፤ ጥርት ያለ ነው። ካሴን አይመስልም። ጅራፉን ያነሣው ደግሞ በግራ እጁ ነው። ካሴ መዝገቡን ሲጽፍ ጥላዬ አይቶታል፤ በቀኝ እጁ ነው።

ታዲያ የማያውቀውን ሰው ምስል ለምን ይሰርቃል? የሚያውቀው ቢሆንስ? እሱ ያወቀው፣ ሌላ ሰው እንዳያውቀው የፈራው ቢሆንስ? በበዓሉ ቀን አዳራሹ ይከፈታል፤ የሴቶች ማኅበር ከሥዕሉ ፊት ቆሞ ይዘምራል። ጥላዬ የዘማሪዎቹን ስም ዝርዝር አስመጥቶ ዓይኑን ወደ ታች ነዳ። ከሦስተኛው ስም ላይ ቆመ። ባንቺዓለም፣ የካሴ ሚስት።

የዘመን መለወጫ ዕለት ጠዋት ካሴ ሱቅ ስኳር ሲያድል ጥላዬ ቤቱን አንኳኳ። ባንቺዓለም ሁለት ዓመት የማይሞላት ሴት ልጅ በጀርባዋ አዝላ ከፈተች። ከሰማዳ፣ ከወገዳ አካባቢ የመጣች፣ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ናት።

«ካሴ የለም፣ ጌታዬ። ምነው በደኅና?»

«አንቺን ፈልጌ ነው። ጥቂት ሥዕል እይልኝ፤ የምታውቂው ሰው እንዳለ።»

ደብተሩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ገለጠች። መርከቦቹን አለፈች። ሴቶቹን አይታ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ሰውዬው ጋ ስትደርስ እጇ ቀጥ አለ። ልጅቷ ከጀርባዋ ተነፋረቀች፤ አልሰማቻትም።

«ይኼ ሰው ግራኝ ነው» አለች።

«ታውቂዋለሽ?»

«ባገራችን በቡሄ በግራ እጁ ጅራፍ የሚያጮህ አንድ ሰው ነበር። ተራራ ለተራራ ይሰማለት ነበር።» ደብተሩን ወደ ዓይኗ አቀረበች። «እሸቴ ነው። ባሌ ነበር።»

«ምን ሆነ?»

«ሞተ። ከካሴ ጋር አብረው ዘመቱ። በሰባ ዓመተ ምሕረት በታኅሣሥ ምፅዋ ላይ ተመታ፣ በእጄ ላይ ሞተ ብሎ መርዶውን ያመጣልኝ ካሴ ነው። ከእሸቴ ጋር ሰባት ዓመት ኖረን፣ አልቅሼ፣ ተዝካሩን አውጥቼ… ከዚያ ነው ካሴ ያገባኝ።»

ጥላዬ ከገጹ ግርጌ ያለውን ጽሑፍ ሊያነብላት አፉን ሲከፍት፣ እሷ ጣቷን ፊደሉ ላይ አሳርፋ ነበር። በመሠረተ ትምህርት ከተማረች ገና ዓመቷ ነው።

«ጉር፣ ጉ፣ ሱም» አለች። «እሑድ። ጥቅምት ሦስት። ሰባ…» ቆመች። ጣቷን መለሰችና እንደገና አነበበች። «ሰባ ሁለት።»



«ሠዓሊው ተሳስቶ ይሆናል» አለች በመጨረሻ።

«ሦስት ገጽ ቀድሞም ሦስት ገጽ አልፎም ቀኑ በተራ ተጽፏል። አልተሳሳተም።»

ባንቺዓለም ተነሣች። ልጅቷን ከጀርባዋ አውርዳ መደቡ ላይ አስቀመጠቻት። ወደ ጓዳ ገብታ መጥረቢያ ይዛ ወጣች። ጥላዬ ሳያስበው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። እሷ ግን ከአልጋው ሥር የእንጨት ሣጥን ጎትታ አወጣች።

«ቁልፉን ከአንገቱ አያወጣውም» አለች። «የመንግሥት ወረቀት ነው ይለኝ ነበር።»

በሁለተኛው ምት ማጠፊያው ተገነጠለ። ውስጡ ደብዳቤዎች ነበሩ፤ ሁሉም ተቀደው የተነበቡ። ፖስታ የሚመጣው በሱቁ በኩል ነው፤ የገጠሩን ደብዳቤ ተቀብሎ የሚያድለው ካሴ ነው። አብዛኞቹ «ይድረስ ለውድ ባለቤቴ» ብለው ይጀምራሉ። በጣቷ እየተከተለች አንዱን አነበበች፣ ሌላውን አነበበች። የመጨረሻው ግን ለእሷ አልተጻፈም። ስትጨርሰው ለጥላዬ ሰጠችው።

«ይድረስ ለወንድሜ ለካሴ» ይላል። «የባንቺዓለምን ሞት ከነገርከኝ ወዲህ አገሬን ማየት አስጠልቶኛል። ተዝካሯን ስላወጣህልኝ እግዜር ይስጥህ። ከእንግዲህ የምመለስለት ሰው የለኝምና እዚሁ ምፅዋ ጨው ማምረቻው ገብቻለሁ።» ቀኑ ሚያዝያ 1973 ዓ.ም. ነው።

ባንቺዓለም አላለቀሰችም። «ሂድና ያዘው» አለች። አንቱታውን ረስታው ነበር።

ሱቁ በር ላይ የስኳር ተራ ተሰልፏል። ጥላዬ ሁለት ፖሊሶች ይዞ በጓሮ በር ገባ።

«ሚዛኑን አስቀምጠው፣ ካሴ።»

«ተራው ረጅም ነው፣ ጓድ መቶ አለቃ። ልጨርስና—»

«ሥዕሉን አላየሁም ብለኸኛል። ቀዳዳው ላይ ገመድ የያዘ ወታደር እንደነበረ በምን አወቅህ?»

ካሴ አካፋውን ስኳሩ ውስጥ እንደ ተከለ ቀረ። «ሰው ሲያወራ… ሰምቼ ነው።»

«ያንን ሰው ያዩት አራት ናቸው። አንዱ ሞቷል። አንዱ እስር ቤት ነው። ካድሬው የጦር መርከብ መቅረቱን እንጂ ሰውዬውን ልብ አላለውም። መሪጌታው ደግሞ ሚስማር ለቅመውልሃል።»

«መሪጌታ! የደብተራ ወሬ—»

«ባንቺዓለም ሣጥኑን ከፍታዋለች።»

የካሴ ፊት አመድ ለበሰ። ከዚያ በኋላ አልተሟገተም። ፖሊሶቹ ከጥጉ ያለውን የጨው ጆንያ ሲዘረግፉት ከሥሩ መዶሻና የተጠቀለለ ሸራ ወደቀ። አዱኛ የሣለበት የመርከብ ቀለም ወፍራም ነው፣ ቶሎ አይደርቅም፤ ጨው ተለጣጥፎበታል።

«ስቆስል እሸቴ ሰላምታ ላከኝ» አለ ካሴ፣ እዚያው ጆንያው ላይ ተቀምጦ። «በሕይወት አለሁ፣ እመጣለሁ በላት አለኝ። ቤቷ ስደርስ ቆማ አየኋት። ሞተ አልኩ። ከአፌ ወጣ። አንዴ ከወጣ በኋላ ምን ይመለሳል?»

«አያ ታፈረስ?»

«ለዝናቡ ወጥተው ነበር። ብርድ ሲመታቸው ተመለሱ። ካሴ፣ ምን እያደረግህ ነው አሉኝ። አስደንግጠውኝ አንድ ጊዜ በመዶሻው—»

«ሁለት ጊዜ ነው» አለ ጥላዬ። «የመጀመሪያውን ድንጋጤ በለው። ሁለተኛው ግን ወድቀው ሳለ ነው።»

ፖሊሶቹ ካሴን ከጆንያው ላይ አነሡት።

መስከረም ሁለት አዱኛ ተፈታ። ጓድ ጥጋቡ ስለ ስለላ ዳግመኛ አላነሣም፤ ሥዕሉ ላይ ሰፊ ባንዲራ አሰቅሎ በዓሉን አከበረ። አዱኛ በዓሉን ትቶ የአያ ታፈረን ልቅሶ ተቀምጦ ዋለ።

ጥላዬ ያንኑ ዕለት ወደ ምፅዋ ቴሌግራም ላከ። አሥራ ሁለት ቀን መልስ አልመጣም። ባንቺዓለም በየቀኑ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ትቆማለች፣ አትጠይቅም፣ የጥላዬን ፊት አይታ ትመለሳለች። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ግን መልሱ መጣ። አራት ቃል ነበረው፦ «እሸቴ በሕይወት አለ። ይመጣል።»

ጥቅምት እኩሌታ ላይ፣ ከወልድያ በኩል የመጣው አውቶቡስ ንፋስ መውጫ ገብቶ ሲቆም፣ ጥላዬ የምስክርነት ቃል ልቀበል ብሎ እዚያው ነበር። እውነቱ ግን ሰግቶ ነው። ሃያ ዓመት በፖሊስነት ከኖረ በኋላ፣ ሰው ሲገናኝ ምን ሊደርስ እንደሚችል ያውቃል። ባንቺዓለም ልጇን ይዛ ከመጋዘኑ ግድግዳ ተጠግታለች።

ከአውቶቡሱ በመጨረሻ የወረደው ሰው ፀሐይና ጨው ያጠቆረው፣ ጠጉሩ ያለ ዕድሜው የሸበተ ነው። ዙሪያውን አየ። አይቷት አለፈ፣ ተመልሶ አያት። ጓዙን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ቀብሬሽ ነበር» አለ።

«እኔም» አለች።

ሁለት እርምጃ ያህል ተራርቀው ቆሙ። ንፋሱ የነጠላዋን ጫፍ ያራግበዋል። እሸቴ ዓይኑን ዝቅ አድርጎ ቀሚሷን የያዘችውን ልጅ አየ።

«የማን ናት?»

ባንቺዓለም ቀና ብላ አየችው፤ አልሸሸችም። «የኔ ናት። የካሴም ናት። ታደለች ትባላለች።»

የእሸቴ መንጋጋ ሲጠብቅ ጥላዬ አየና አንድ እርምጃ ቀረበ። እሸቴ ግን አልተንቀሳቀሰም። ልጅቷን ብዙ ጊዜ አያት። እሷም አፏን ከፍታ አየችው። ከዚያ ጓዙን አንሥቶ በግራ ትከሻው ላይ ጣለ።

«ምሳ በልታለች?» አለ።

«አልበላችም።»

«እንግዲያውስ እንሂድ» አለና ሊነካት እጁን ዘረጋ። ልጅቷ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች። እጁን አልሰበሰበም፤ እስክትመጣ ድረስ እዚያው መንገድ ላይ፣ ቁጢጥ ብሎ ጠበቃት።